የመጀመሪያው እምቢታ

ታሪኬን ካለፈው ሳምንት ይዛችሁ የመጣችሁ፣ የተለያየነው ሽማግሌዎቹ የአባቴን በር ሲያንኳኩ ነበር። ዛሬ ገና ለምትቀላቀሉኝ ግን ጥቂት ነገር ልንገራችሁ፤ ከዚያ እኩል እንሆናለን። ስሜ ውቢት ወልደአምላክ ነው። አሜሪካ አገር፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከአባቴና ከአክስቴ ጋር እኖራለሁ፤ ፋርማሲ ውስጥ እሠራለሁ። የምወደው ሰው ኪራኮስ ይባላል። አሌክሳንድሪያ ውስጥ አሮጌ ቤቶችን ለሚያድስ ድርጅት ይሠራል፤ እብድ የሚያደርገው ነገር ግን ከሦስት መቶ ሃምሳ ዓመት በፊት እንግሊዞች እርስ በርሳቸው የተዋጉት ጦርነት ነው።

አትሳቁ። እኔም መጀመሪያ ስቄ ነበር።

የተዋወቅነው አሌክሳንድሪያ፣ ፎርት ዋርድ ፓርክ፣ የጓደኛዬ ልጅ ልደት ላይ ነው። ወንዱ ሁሉ የሥጋ መጥበሻውን ከቦ ይጨቃጨቃል። አንድ ረጅም ሰው ግን ብቻውን፣ ከአሜሪካኖቹ የሰሜንና የደቡብ ጦርነት የተረፈውን ሣር የለበሰ የአፈር ግንብ በመዳፉ ይዳብሳል። «የጠፋብህ ነገር አለ?» አልኩት።

«የለም፣ ያገኘሁት ነገር ነው» አለኝ። «ይሄ እኮ የእኔ ሰፈር ምሽግ የልጅ ልጅ ነው።»

ከዚያ ወዲያ ማን ያስቁመው። ያደገው እንግሊዝ አገር ኒዋርክ የምትባል ከተማ ነው፤ የኒው ጀርሲዋ አይደለችም፣ ይህንን አክስቴን ለማሳመን ብዙ ደክሜያለሁ። አባቱ በአብዮቱ ጊዜ ሲገደሉ እናቱ ሕፃን አዝለው ተሰደዱ፤ እዚያች ከተማ አስተምረው አሳደጉት፤ እዚያው ቀበራቸው። ከቤታቸው ማዶ አንድ ጉብታ ነበረ፣ የንግሥቲቱ ምሽግ ይሉታል፣ ከላይ ሲያዩት የኮከብ ቅርጽ ያለው። የድንጋይ ግንብ በመድፍ ሲመታ ይናዳል፤ አፈር ግን ጥይቱን ይውጠዋል። የኮከቡ ክንፎችም አንዱ የሌላውን ጎን ይጠብቃሉ፣ ጠላት ግድግዳ ሥር ገብቶ የሚደበቅበት ጥግ አይኖርም። ከተማዋ ለንጉሡ ወግና ሦስት ጊዜ ተከበበች፤ በጉልበት ሳትሰበር ቆይታ በሯን የከፈተችው ንጉሡ ራሱ ሲያዛት ነው። አሸናፊዎቹ የድንጋዩን ቤተ መንግሥት ዳግመኛ እንዳይዋጋ አፈረሱት። የአፈሩንም ናዱት ብለው ሕዝቡን አዝዘው ነበር፤ ወረርሽኙ ፈጅቶት ስለነበር ሕዝቡ ሥራውን ሳይጨርሰው ቀረ።

«ድንጋዩ ፈረሰ፣ አፈሩ ቀረ» አለኝ፣ ዓይኑ እየበራ። አንድ ወንድ ስለ አፈር ሲያወራ እንዲህ ያምርበታል ብዬ አስቤ አላውቅም። ምነው እኔን እንዲህ ባየኝ ብዬ ስመኝ ቀና ብሎ አየኝ፤ ያለቀልኝ ያን ጊዜ ነው።

እንግዲህ ችግሩ አባቴ ናቸው። አባባ በጃንሆይ ዘመን ዳኛ ነበሩ፤ ዛሬም ሰው ሳሎናቸው ሲገባ ችሎት የቀረበ ነው የሚመስላቸው። ስለ አንድ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቁት «የማን ልጅ ነው?» ብለው ነው። ኪራኮስ ደግሞ አባት የለውም፣ እናት የለውም፣ አጎት አክስት የሚለው የለውም። ሽማግሌ እንኳ ከየት ያምጣ? በመጨረሻ ታክሲ የሚነዱት ጋሽ ኦላና፣ አዳምስ ሞርጋን ሰፈር ምግብ ቤት ያላቸው ጋሽ መስፍንና አንድ ቄስ ወከለ። ከፋሲካ በኋላ፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ መጡ።

እኔ ፎቅ ላይ፣ ደረጃው አናት ተቀምጬ እሰማለሁ። አክስቴ እትዬ የዓለምዘርፍ አጠገቤ ሆነው ክንዴን ጨብጠውኛል።

«ኧረ ተቀመጡ» አሉ አባባ።

«የመጣንበት ጉዳይ ሳይፈጸም አንቀመጥም» አሉ ጋሽ ኦላና። «ልጅዎን ለልጃችን ለኪራኮስ እንዲሰጡን ልንጠይቅ ነው የመጣነው።»

«ልጄ ገና ልጅ ናት» አሉ አባባ። ሃያ ሰባት ዓመቴ ነው። «ደግሞስ ኪራኮስ ማነው? የማን ልጅ ነው? ዘመዱን ሳላውቅ የምሰጠው ልጅ የለኝም። በሉ፣ በሰላም ግቡ።»

ሽማግሌዎቹ እጅ ነስተው ወጡ። በሩ እንደተዘጋ አባባ ወደ ላይ ተጣሩ። «የዓለምዘርፍ፣ ያ ውስኪ ስንት ቀርቶታል? በሚቀጥለው ሲመጡ በባዶ ጠርሙስ እንዳታሳፍሪኝ።»

አክስቴ ሳቃቸውን በነጠላቸው አፈኑት። እኔ ከደስታዬ ብዛት ግድግዳውን ተደግፌ ቀረሁ። ልጁን በመጀመሪያው ጥያቄ እሺ ብሎ የሚሰጥ አባት ልጁን የጠላ ብቻ ነው። እናቴን ሲጠይቁ አያቴ ሦስት ጊዜ መልሰዋቸዋል ይባላል። «አትፈንድቂ» አሉኝ አክስቴ ግን፣ «ግማሹ ወግ ነው፣ ግማሹ እውነቱን ነው። የልጁ ነገር ከንክኖታል። ሁለተኛ ሲመጡ ነው የሚለየው። እስከዚያ ድረስ ስልኩን እንዳታነሺለት፤ ሽማግሌ ተልኮ ከልጁ ጋር ማውራት ነውር ነው።»

እኔም ነውር አልሠራም ብዬ ዝም አልኩ። ኪራኮስ ሲደውል ስልኩ ጮኾ ጮኾ ይቆማል። አንዴ መልእክት መቀበያው ማሽን ላይ «ውቢት፣ እባክሽ ኮል አድርጊልኝ» ብሎ ድምፁን ተወ። ደጋግሜ ሰማሁት፣ ግን አልደወልኩም። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የእኔ ዝምታ ግን ነቀዘ።

በሚቀጥለው እሑድ አባባ ከቅዳሴ እንደተመለሱ ግራጫ ሱፋቸውን ሳያወልቁ ሳሎን ተቀመጡ። መስኮቱን ያያሉ፣ ሰዓታቸውን ያያሉ። ማንም አልመጣም። ቀጥሎ ባለው እሑድም እንዲሁ። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ተነሡና ክራቫታቸውን ፈቱ፤ ፊታቸው ላይ ያየሁት ቁጣ ቢሆን በተሻለኝ። ቅሬታ ነበር።

«አንድ እምቢታ በትኗቸዋል» አሉኝ። «ልጄን የሚፈልግ ሰው እግሩ እንዲህ የሚዝል ከሆነ፣ ነገ ሕይወት እምቢ ስትለው ጥሎሽ ነው የሚሄደው። የፊታችን እሑድ ካልመጡ፣ ከዚያ ወዲያ ቢመጡም በሬን አልከፍትም።»

እኔም በልቤ ያንኑ መጠየቅ ጀምሬ ነበር። ለአፈር ዕድሜውን የሚሰጥ ሰው ለእኔ ሁለት እሑድ አጣ?

ደብዳቤው ቅዳሜ ጠዋት ፖስታ ሳጥን ውስጥ ነበረ። ፊደሎቹ ትልልቅና በጥንቃቄ የተጻፉ ናቸው፣ እናቱ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ እንዳስተማሩት።

«ውቢት፣ አባትሽ እምቢ አሉ። አንቺን ስጠይቅ ደግሞ ስልኩን አላነሳሽም፤ ስለዚህ መልሱ የሁለታችሁም ነው ብዬ ተቀበልኩ። እናቴ ያሳደገችኝ፣ ያልተፈለገ ሰው ከሰው ደጅ አይቆምም ብላ ነው። ስደተኛ ሆና ብዙ በር ተዘግቶባታል፤ አንዱንም ሁለተኛ አንኳኩታ አታውቅም። ኒዋርክ የቅርስ ጥበቃ ሥራ ሰጥተውኛል፣ ሰኞ እሳፈራለሁ። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ፎርት ዋርድ ላይ ለጎብኚዎች የመጨረሻ ገለጻዬን አደርጋለሁ። አላማሽም። እወድሻለሁ፤ ይህንን ሳልጽፍ መሄድ ስላቃተኝ ነው።»

አነበብኩት። እንደገና አነበብኩት። ከዚያ ማልቀስ ሲገባኝ በንዴት ተንጨረጨርኩ፤ ምክንያቱም ገብቶኛል። ይህ ሰው እምቢታን እምቢታ ነው ብሎ የሚያምን አገር ያደገ ሰው ነው። ወጉን ማንም አልነገረውም፤ አባት የሌለው ልጅ ማን ይንገረው? ሽማግሌዎቹ ያውቃል ብለዋል፣ እኔ ያውቃል ብያለሁ፣ አክስቴ ያውቃል ብለዋል። ላኪው እንደገና ካልላከ ደግሞ ሽማግሌ በራሱ አይሄድም።

«እትዬ፣ ነውር ልሠራ ነው» አልኳቸው ቁልፌን እያነሣሁ።

አክስቴ ደብዳቤውን ከእጄ ተቀብለው ገረፍ ገረፍ አደረጉትና መለሱልኝ። «ሰኞ ነው የሚለው? ታዲያ ምን ቆመሽ ታወሪያለሽ፣ አትነጂም?»

ቤልትዌይ የሚሉት ቀለበት መንገድ ላይ መኪናው ሁሉ ተደርድሮ ቆሟል። መሪውን በመዳፌ እየመታሁ ከኪራኮስ ጋር ብቻዬን ተጣላሁ፤ እኔ ተናገርኩ፣ እሱን ሆኜ መለስኩ፣ እንደገና ተቆጣሁ። ፎርት ዋርድ ስደርስ ጎብኚዎቹ ግንቡ ሥር ግማሽ ክብ ሠርተው ቆመዋል፤ ጡረተኞች፣ ልጆች የያዙ ቤተሰቦች፣ የገለባ ባርኔጣ ያደረጉ አንዲት ባልቴት። እሱ ከፊታቸው ነው። ከስቷል። ድምፁ ግን ያው ነው፣ ሞቅ ያለ፣ የሚወደውን ነገር የሚያካፍል ሰው ድምፅ። ከባልቴቷ ኋላ ቆምኩ፤ አላየኝም።

በእንግሊዝኛ ነው የሚናገረው። ኒዋርክ ላይ የተቆፈረው ምሽግና ይሄኛው እንዴት አንድ ዓይነት ዘዴ እንደሆኑ፣ ቦዩ፣ ተዳፋቱ፣ የሾለው ክንፍ እንዴት እንደሚሠራ በእጁ እየሳለ አስረዳቸው። ባልቴቷ እጃቸውን አወጡ። «ከበባው ሲጀመር ምን ይደረጋል? ዝም ብሎ ይተኮሳል?»

«የለም እሜቴ፣ ሥርዓት አለው» አለ። «በመጀመሪያ ከበባ ያደረገው ጦር መለከተኛ ይልካል። መለከተኛው ደጁ ላይ ቆሞ ይነፋና፣ ክፈቱልን ብሎ ይጠይቃል። የምሽጉ አዛዥ ደግሞ እምቢ ይላል። ልቡ ለመክፈት ቢፈልግ እንኳ እምቢ ማለት አለበት። በዚያ ጦርነት አንድ ወጣት አዛዥ በመጀመሪያው ጥያቄ በሩን ስለከፈተ የገዛ ወገኖቹ ፈርደው በጥይት ገድለውታል።»

እጄን አወጣሁ።

«ጥያቄ አለኝ» አልኩ በእንግሊዝኛ።

ዞረ። አየኝ። ዓይኑ ውስጥ መጀመሪያ ደስታ መጣ፣ ወዲያው ፍርሃት ተከተለው።

«አዛዡ እምቢ ካለ በኋላ» አልኩ፣ «ያ የከበበው ጦር ምን አደረገ? ድንኳኑን ነቅሎ ወደ አገሩ ገባ?»

«አይ» አለ። አስተማሪነቱ አለቀቀውም። «የመጀመሪያው እምቢታ መልስ አይደለም፣ ክብር ነው። ሁሉም ያውቁታል። ስለዚህ መለከተኛው እንደገና ይላካል፣ እንደገና ይጠይ...»

ቃሉ አፉ ላይ ቀረ።

«ታዲያ አባቴ ከዚያ አዛዥ በምን ያንሳሉ?» አልኩት በአማርኛ። «ይሄን ሁሉ መጽሐፍ አንብበህ፣ የእኛን ደጅ ስትደርስ ነው የጠፋብህ? ሁለት እሑድ ሙሉ ሱፍ ለብሰው መስኮት መስኮት ሲያዩ ዋሉ። ውስኪ አስገዝተዋል። መለከተኛህ የት ገባ?»

«እምቢ ብለውኛል እኮ» አለኝ። የሰባት ዓመት ልጅ ነው የመሰለው። «ጋሽ ኦላና ደውለው፣ እምቢ ብለውናል፣ አይዞህ አሉኝ። እኔ አመስግኜ ዘጋሁት። ከዚያ አንቺ...»

«እኔማ ሽማግሌ ተልኮ ስልክ አላነሣም። ነውር ነው።»

«ማን ይንገረኝ ውቢት?» አለ፣ አሁን እሱም ተቆጣ። «ማን ነበረኝ? በዚያ ዝምታ ውስጥ በየቀኑ ነው የቀበርሽኝ። አንዲት ቃል ብትልኪብኝ ምን ነበረበት?»

እውነቱን ነው። ንዴቴ በአንዴ ከዳኝ፣ እንባዬም ያን ጊዜ መጣ። «ይቅር በለኝ» አልኩት። «ያለህ መስሎኝ ነው። የሚነግርህ ሰው ያለህ መስሎኝ።»

ጎብኚዎቹ አንዴ እሱን አንዴ እኔን ያያሉ። ባልቴቷ ከቦርሳቸው ሶፍት አውጥተው ሰጡኝና ወደ እሱ ዞሩ። «ምንድነው የምትልህ፣ ልጄ?»

ኪራኮስ ዓይኑን በእጁ ጀርባ ጠረገ። «ሁሉንም አንብቤ ምንም እንዳልተማርኩ ነው የምትነግረኝ» አላቸው።

«ታዲያ እዚህ ምን ትሠራለህ?» አሉት እሳቸው።

ሳቀ። ያንን ሳቅ ሰኞ ይዞት ሊሄድ ነበር። ገለጻውን ለባልደረባው ትቶ፣ እጄን ያዘኝና ወደ ሕዝብ ስልኩ ሮጥን። ጋሽ ኦላና ስልኩ ውስጥ ሲጮኹ እኔ ድረስ ይሰማል፤ «እኛ እኮ ሐሳቡን ለወጠ ብለን አዝነን ነበር። እምቢ ካላሉህማ ምኑን ሽምግልና ሆነ? ነገ ነው? ነገ እንሄዳለን።» ስልኩን ሰቅሎ ግንባሬን ሳመኝ። ከዚያ ቀን በፊት እንዲህ ተደስቼ አላውቅም፤ ፍርሃቴ ግን እንዳለ ነበር። የአባባ እምቢታ ግማሹ እውነት ነውና።

እሑድ አባባ ያንኑ ግራጫ ሱፍ ለብሰዋል፣ መስኮቱን ግን አላዩም። በሩ ሲንኳኳ ግማሽ ቀን ያህል ጠብቀው የከፈቱት መሰለኝ። ኪራኮስ ሽማግሌዎቹን በራሱ መኪና ነው ያመጣቸው፤ እሱ መንገዱ ዳር፣ መኪናው ውስጥ ቀረ። ከፎቁ መስኮት አየዋለሁ። ሁለት እጁ መሪው ላይ ነው፣ መኪናው ግን ጠፍቷል።

«ዘገያችሁ» አሉ አባባ። ተቀመጡ አላሉም።

ጋሽ ኦላና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ዳኛ ነዎትና እውነቱን እንናገራለን ብለን መጥተናል። ልጁ የሰው አገር ነው ያደገው። እምቢ ሲሉት እውነት መስሎት ልቡ ተሰብሮ ተቀመጠ። ወጉን ሲሰማ ነው የላከን፤ ለሰኞ የቆረጠውን ትኬትም መልሷል።»

አክስቴ ክንዴን ከመጀመሪያው ቀን ይልቅ አጥብቀው ያዙኝ።

«እሱ ይሁን» አሉ አባባ ቀስ ብለው። «ግን ያልተመለሰ ጥያቄ አለኝ። የማን ልጅ ነው?»

ጋሽ ኦላና የመለሱት ነገር ባያምርም፣ ስላልሸፋፈኑት እስከ ዛሬ አመሰግናቸዋለሁ። «አባቱን አብዮቱ በልቶታል፣ መልኩን አያውቀውም። እናቱን በገዛ እጁ ቀብሯል። እኛ ሦስታችን የሥጋ ዘመዶቹ አይደለንም። ከእኛ ሌላ የሚልከው ሰው ስላጣ ነው። የማንም ልጅ አይደለም፣ ጌታዬ።»

ዓይኔን ጨፈንኩ። አለቀ ብዬ ነው።

«አሁን የት ነው ያለው?» ሲሉ ሰማሁ።

«ውጭ ነው። መኪና ውስጥ።»

የአባባ ጫማ ሳሎኑን አቋርጦ መስኮቱ ጋ ቆመ። እኔ የማየውን ሰው እሳቸውም ከታች እያዩት ነው። ሲናገሩ ድምፃቸው የዳኛ አልነበረም።

«ተቀመጡ» አሉ።

ወንበር ሲጎተት ሰማሁ፤ አንድ፣ ሌላ፣ ሌላ። እትዬ የዓለምዘርፍ እልልታውን ደረጃው ላይ ለቀቁት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ያልሰማ ጎረቤት የለም። እኔ ልስቅ ይሁን ላልቅስ ሳላውቅ መስኮቱን ወደ ላይ ገፋሁት። አባባ በሩን ከፍተው ወጥተው ነበር።

ኪራኮስ እንደሚለው፣ በክብር እጁን የሰጠ ጦር ሰንደቁን ዘርግቶ፣ ከበሮ እየመታ ነው የሚወጣው። አባባ ከበሮ የላቸውም። የኮታቸውን ቁልፍ ቆልፈው፣ አንገታቸውን ቀና አድርገው፣ ሣሩን ሳይቸኩሉ አቋርጠው የመኪናውን መስታወት በጣታቸው አንኳኩ። ኪራኮስ ደንግጦ ወጣና ከፊታቸው ጎንበስ ብሎ ቆመ።

«ሽማግሌዎችህ ገብተው ተቀምጠዋል» አሉት። «አንተ ምን ትሠራለህ እዚህ?»

«የኔ ቦታ... ወጉ...» አለ።

«ወጉን እኔ አውቃለሁ» አሉ አባባ። እጃቸውን ትከሻው ላይ ጣል አደረጉ። «ስማኝ። ከዛሬ ጀምሮ የማን ልጅ ነህ ብሎ የጠየቀህ ሰው ካለ፣ የወልደአምላክ ልጅ ነኝ በለው።»

ስለ ግንብ ሲያወራ ማንም የማያስቆመው ሰው አንዲት ቃል አልወጣውም። አስፋልቱ ላይ ተንበርክኮ ጉልበታቸውን ሳመ። አባባ ሊያነሱት ጎንበስ አሉ፤ ግን ሳያነሱት ቀሩ፣ እሳቸውም እያለቀሱ ነበርና። እኔ ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩት አላውቅም፤ የማውቀው እግሬ ሣሩን ሲረግጥ ሁለቱም ስሜን መጥራታቸውን ነው።